ናይሮቢን ትቼ ሕንድን ስለመምረጤ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ ለአያ ፈንታው፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲነካው የሚያምህ ትከሻህ ተሻለህ ወይ? ባለቤትህ ጽጌስ እንዴት ናት? ልጆቹ ሄርሞንና ሚካኤል ደህና ናቸው? የጋራዡ ሥራ፣ የሰው አገር ኑሮ እንዴት ይዟችኋል? እኛ አምላክ ይመስገን ደህና ነን። እምዬም ደህና ናት፤ ጉልበቷ ነው የሚያስቸግራት እንጂ አንደበቷስ አንተ እንደምታውቀው ነው። ቆቦ ላይ ሙቀቱ ዘንድሮ ቀድሞ ገባብን። ሽንኩርቱ ግን ጥሩ ይዟል፤ የጉድጓዱ ውሃ አልከዳንም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ አንተ ቶሎ ታሸንፈኛለህ። አንተ ስትናገር እኔ እሺ እላለሁ፣ የምመልሰው ነገር የሚመጣልኝ ከተዘጋ በኋላ ነው። ስለዚህ በወረቀት አደረግሁት። ማኅበራችንን ከሚረዳው ድርጅት የምትመጣው ልጅ፣ ፌቨን፣ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች።

እንደነገርኩህ ድርጅቱ ከእኛ ከሽንኩርት አምራች ሴቶች አንዷን ለሦስት ሳምንት ትምህርት ውጭ አገር እልካለሁ ብሏል። ሁለት አገር አቀረበልን። አንተ ያለህበት ኬንያ የሚያሳዩት በላስቲክ ቤት ውስጥ ቲማቲም ማልማትን ነው። ሕንድ ደግሞ ሽንኩርት ሳይበሰብስ ለወራት የሚቀመጥበትን ቤት አሠራር ነው። ማን ትሂድ ሲባል ሴቶቹ በአንድ አፍ ደብሪቱ አሉ፤ ማንበብና መጻፍ ትችላለች ብለው ነው። እሱንስ ያገኘሁት በአንተ አይደል? ከዋጃ ገበያ ስትመለስ ጨው የተጠቀለለበትን የጋዜጣ ቁራጭ አራግፈህ፣ በእጅህ ዳብሰህ አቃንተህ ታመጣልኝ ነበር። ትምህርት ቤት ስላልላከኝ አባታችንን አልወቅሰውም፤ አንተን ግን ሳላመሰግን የማድርበት ቀን የለም።

አገሩን አንቺው ምረጪ አሉኝ። እኔን ቀድማ ጎረቤቴ ኡሙሃኒ ተናገረች። ኡሙሃኒ አምና ሽንኩርቷ ግቢዋ ውስጥ በስብሶ በአካፋ አውጥታ የደፋች ሴት ናት። የሁላችንም ነገር እንዲሁ ነው፤ ነጋዴው መኪናውን አቁሞ ጥላ ሥር ይቀመጥና ሽንኩርታችን ሙቀት እስኪመታው ይጠብቃል፣ ከዚያ በፈለገው ዋጋ ይገዛዋል። እሷ ግን ተነስታ «ኬንያ ትሂድ! ሽንኩርቱ እንደሆነ መበስበስ ለምዷል፤ ወንድሟን ካየች አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው» አለች። ሌሎቹም አዎ፣ አዎ አሉ። አያ ፈንታው፣ እነዚህ ሴቶች የዓመት ልፋታቸውን ለእኔ ናፍቆት ሊሰጡ ነው። ይህን ያየሁ ሰው ነኝና ሰው ክፉ ነው ሲሉኝ ከእንግዲህ አላምንም።

በዚያው ሳምንት እማማ ሙሚና ቤት ለጸሎትና ለምርቃት ወዳጃ ተቀመጡልኝ። እስላሙም ክርስቲያኑም ተሰብስቦ እጁን ዘረጋ። እማማ ሙሚና በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፃቸው «የናይሮቢን መንገድ ጨርቅ ያድርግላት፣ የናፈቀችውን ያገናኛት፣ ዓይኗ ጠግቦ በሰላም ይመልሳት» ብለው መረቁኝ፤ ቤቱ በሙሉ አሚን አለ። በማግስቱ ደወልኩልህ። ምን ያህል እንደተደሰትክ ከድምፅህ አውቄዋለሁ። አውሮፕላን ጣቢያ ድረስ መጥተህ እንደምትቀበለኝ፣ ሄርሞን አልጋዋን እንደምትለቅልኝ ነገርከኝ። ከዚያ ቀጥለህ «እንግዲህ አንቺ ከመጣሽ እኔ ለፋሲካ መምጣቴ ይቅር፤ ለከርሞ ይሁን» አልክ።

እምዬ አጠገቤ ነበረች። እሷም እንድትሰማህ ብዬ ድምፁን ከፍ አድርጌው ነበር። ስልኩ ሲዘጋ ቀስ ብላ ነጠላዋን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችና «ደግ፤ አንቺ ካየሽው ይበቃኛል» አለችኝ። አታውቃትም እንዴ አያ ፈንታው? ይህች ሴት እኮ ጨው የጎደለውን ወጥ እንኳ ይበቃኛል ብላ አታውቅም። ብትቆጣ፣ ብትሰድበን ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ መንገዴን ወደ ማኅበሩ አድርጌ ፌቨንን ሕንድ ጻፊልኝ አልኳት። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጠየቀችኝ። አንተ ታላቄ ነህ፣ ቃልህን ተሻግሬ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ፈረምኩ። ለሰው ሁሉ ምክንያቱ ሽንኩርቱ ነው አልኩ፤ እውነትም ነው። የቀረውን የምናገረው ግን ለአንተ ብቻ ነው። እኔ ናይሮቢ ከመጣሁ አንተ ቆቦ አትመጣም። እኔ አንተን አይቼ ጠግቤ ስመለስ እምዬ የምታየው የእኔን ፊት ነው፤ እሱን ደግሞ በየቀኑ ታየዋለች።

ሴቶቹ ሲሰሙ መጀመሪያ ተቆጡኝ። ኡሙሃኒ ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ በሦስተኛው ግን ማኩረፉ አልሆነላትም መሰለኝ መጥታ «ሥጋ የማይበሉ ሰዎች የሞሉበት አገር ነው አሉ፣ ሁዳዴሽን ሳትፈቺ ትመለሻለሽ። ብቻ እንደ ፊልማቸው ዛፍ እየዞርሽ መዝፈን ለምደሽ እንዳትመጪብን!» ብላ ሁሉንም አሳቀችብኝ። የቸገረኝ ምርቃቱ ነበር። ያን ያህል ሰው ለናይሮቢ አሚን ብሎልኛል፣ እኔ ደግሞ ሌላ አገር ልሄድ ነው። እማማ ሙሚና ዘንድ ሄጄ ምርቃቱን ወደ ሕንድ ያዙሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እሳቸው ሳቁብኝ። «ምርቃት ባጃጅ ነው እንዴ፣ በዚህ ዙር የምትይው? ለናይሮቢ መንገድ ወጥቷል፣ እዚያው ይቆያል። ከዚያ የሚመጣ ሰው ይሂድበት» አሉኝ። ለሕንድ ሌላ ወዳጃ ተቀመጡልኝ። የመጀመሪያው ግን አሁንም የአንተ መንገድ ላይ ነው።

አያ ፈንታው፣ የምትፈራውን አውቃለሁ። አባታችን ያረፈው መንገዱም ስልኩም ተዘግቶ በነበረበት በዚያ ጊዜ ነው፤ መርዶው የደረሰህ ከወራት በኋላ ነው። ሳልቀብረው ምን ፊት ይዤ እገባለሁ ብለህ ለጽጌ እንደነገርካት ነግራኛለች፤ እሷን አትቆጣ። ከመኪና ስትወርድ አገሩ በዋይታ የሚቀበልህ ይመስልሃል። ልሸሽግህ አልችልም፣ ይለቀሳል። ልቅሶ ደርሰህ፣ መቃብሩ ላይ ቆመህ ነው ቤት የምትገባው፤ ወጉ ነው። ነገር ግን የሚያለቅሱት አንተን ሊወቅሱ አይደለም። ያን ጊዜ እኛም በወጉ አላለቀስንም፤ ጥቂት ሰዎች ሆነን ፈጥነን ቀብረን ገባን። እምዬ ከአንተ ጋር ሆና ባሏን አልቅሳ አታውቅም። አንተን የምትጠብቀው ለዚህም ጭምር ነው።

በእኔ መቅረት እንደምታዝን አውቃለሁ፤ እኔም አዝኛለሁ። የጽጌን እጅ ሳልነካ፣ የልጆችህን ቁመት ሳላይ ቀረሁ። አልጋዋን ልትለቅልኝ የነበረችውን ሄርሞንን እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ። ግን ከልቤ ደስ ብሎኛል። ከዚህ ከቆላ የምትወጣ፣ ደብተር ያልያዘች ሴት ሁለት አገር ቀርቦላት ይኼኛውን ስትል፣ ይህ ስንት ሰው ያላገኘው ነው። የምሄድበትን ተምሬ ከሆሳዕና በፊት እመለሳለሁ። ያ የሽንኩርት ቤት ከተሠራልን ነጋዴው ጥላ ሥር ቁጭ ብሎ ይደርቃል፤ ይህንንስ መጥተህ ብታየው ትስቅ ነበር። እኔ ስመለስ አንተም ብትደርስ፣ ለፋሲካ በአንድ ማዕድ እንቀርባለን።

ልጄ ትርሲት ጉልበትህን ስማ ሰላም ብላሃለች፤ አጎቴ ሲመጣ ቆቦ መናኸሪያ ሄጄ የምቀበለው እኔ ነኝ ብላለች። ኡሙሃኒ ሰላም ብላሃለች፤ እህትህን ቀምተንሃል፣ አትመጣም፤ አንተንም ከናይሮቢ እንቀማለን በይልኝ አለች። እማማ ሙሚና ከነቤተሰባቸው ሰላም ብለውሃል። ለጽጌ፣ ለሄርሞን፣ ለሚካኤል፣ ለያንዳንዳቸው ስማቸውን እየጠራህ ሰላምታዬን አድርስልኝ።

እምዬን ደግሞ ምን ልበልልሽ አልኳት። «ሰላምታ የሚላከው ለማይመጣ ሰው ነው፤ እኔ አልልክም» አለችኝ። ስለዚህ የእሷ የለበትም።

እህትህ ደብሪቱ
ቆቦ፣ መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.