ባዶው ስፍራና መርፌሽ

ውድ እኅቴ ኢቶ፣

የላክሽው የብር ሪያል በሰላም ደርሶኛል። ከአገር ሰው እጅ ተቀብዬ ጨርቁን እዚያው ፈታሁት። አባታችን የሽማግሌውን የኡባሱን ጥሎሽ በልቶ ከጨረሰ በኋላ «የበላሁትን የሚመልስልኝ ከተገኘ ልጄን ማንም አይወስዳትም» ብሎ ምሏል። አንቺን ከዚያ ሽማግሌ ቤት የሚያስቀር ነገር ከሟች እናታችን የአንገት ጌጥ ላይ ካልተገኘ ከየትም እንደማይገኝ ሁለታችንም እናውቅ ነበር።

በቀደመው ደብዳቤዬ የጻፍኩልሽን አልረሳሽውም። ከዓመቱ ቁጥር ሥር ሪያሉ የተመታበት ከተማ ስም አለ፤ ፓሪስ ከሆነ ተራ ነው፣ ፌስ ከሆነ ግን ብርቅ ነውና ድነሻል ብዬ፣ ስሙን በዐረብኛ ፊደል ጉልህ አድርጌ ሥዬልሽ ነበር። አራት ዓመት የተማረ ሰው የሚያውቀውን ያህል ጻፍኩ።

የጥንት ገንዘብ የሚሰበስበው አሠሪዬ ሲ ምፈደል ሪያሉን የተቀበለኝ በደስታ ነው። አስቀድሞ እብነ በረዱ ላይ ጣል አድርጎ ድምፁን አዳመጠ። ቀጥሎም ጠርዙን በጥፍሩ ዳሰሰ።

«ብሩ ንጹሕ ነው። አላህ ይማራትና እናትህ በቀለበት አቅፋ አንጠለጠለችው እንጂ እንደ ሌሎቹ አልበሳችውም» አለኝ።

በዚያች ቅጽበት በልቤ ሠርግሽን አፈረስኩት። እርሱ ግን ማጉያ መስታወቱን ዐይኑ ላይ አድርጎ ከዓመቱ ቁጥር ሥር አተኮረ።

«ሐዱ።»

«አቤት፣ ሲ ምፈደል።»

«ይህን የጻፈው ማን ነው?»

«የሱልጣኑ ሰዎች ናቸዋ፣ ጌታዬ።»

«የሱልጣኑ ሰዎች በመርፌ ይጽፋሉ? ና እይ እንጂ! ምን ተገትረህ ታፈጥብኛለህ?»

አየሁ። በገንዘብ ማተሚያ የተመታ ፊደል ከብሩ ገጽ ላይ ብቅ ብሎ ይቆማል፤ የአንቺ ፊደል ወደ ውስጥ ሰምጧል። በችኮላ ያጣመምኩትን የመጨረሻውን ፊደል ጥርስ እንኳ ሳታቃኚ ገልብጠሽዋል። የገዛ እጄን ጽሑፍ ብር ላይ አነበብኩት።

የጎረቤት ሱቅ ባለቤት የሆኑት ባ ዐላል የሻይ ብርጭቋቸውን እንደያዙ ብቅ አሉ።

«ማን ነው ባለሙያው?»

«የዚህ ልጅ እኅት ናት» አለ ሲ ምፈደል።

«ታዲያ መርፌ ካላት ምነው የዚህን ሱሪ ብትጥፍለት!»

ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሐሰተኛ ገንዘብ ሠሪ ብለው ከዚህ ቢያባርሩኝ መግቢያ የለኝም።

ሲ ምፈደል ግን ሪያሉን ወደ ብርሃን አዘነበለው። «ባ ዐላል፣ ሳቁን ተወውና ከፊደሎቹ ዙሪያ ያለውን እይ። አልተፋቀም። በዕድሜ የጠቆረው የብሩ ቆዳ እንዳለ ነው። እዚህ ላይ ፓሪስም ፌስም ተጽፎ አያውቅም።»

ባ ዐላል ብርጭቋቸውን አስቀመጡ።

ኢቶ፣ ያን ጊዜ የሰማሁትን አንቺም ስሚው። አንዳንድ ጊዜ በማተሚያው ቅርጽ ውስጥ ቅባትና ቆሻሻ ተጠቅጥቆ የከተማው ስም ሳይወጣ ይቀራል። ተቆጣጣሪ ካላየው ሪያሉ ስም የለሽ ሆኖ ወደ ገበያ ይወጣል። ፌስ የሚል ሪያል ሲ ምፈደል በሣጥኑ ውስጥ አለው። ስም የለሹን ግን ከጎልማሳነቱ ጀምሮ ሲፈልግ ኖሮ አላገኘውም።

«ይህች ልጅ ባዶውን እንዳለ ብትልክልኝ» አለ፣ «የሽማግሌውን ጥሎሽ ከነበሬው መልሼለት፣ ለእርሷም የምትኖርበት ይተርፋት ነበር። አሁን እንግዲህ በብርነቱ ይመዘናል፤ ሌላ ምን ይሆናል?»

ባዶ ስፍራ አይተሽ ጉድለት መሰለሽ፤ ሞላሽው። ከዚያ ሰው ቤት ሊያወጣሽ የነበረውን አንድ ነገር በገዛ እጅሽ፣ ምናልባትም ምላስሽን ነክሰሽ፣ ፊደል በፊደል ገደልሽው።

ባ ዐላል ሲወጡ ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ ድሮም ዋጋ አልነበረውም ብለህ ጻፍላት። እንቅልፍ ትተኛ» አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው። ምክራቸውን ግን አልተቀበልኩም። ይህን ብቻዬን ይዤ ማደር አልቻልኩም፤ እጅሽ የሠራውን ልብሽም ይወቀው። «ስፍራው ባዶ ነው፣ ምን ይሻላል?» ብለሽ አንዲት መሥመር ብትጽፊልኝ እኮ ሲ ምፈደልን እጠይቀው ነበር። አንቺ ግን ልታታልዪ ተነሣሽ፤ ያውም ከሰው ሁሉ መርጠሽ እኔን።

ሪያሉን ከዚህ ወረቀት ጋር ጠቅልዬ መልሼልሻለሁ። ከቀለበቱ አግቢው፤ ጌጡ ጎድሎ ከታየ አባታችን ይመታሻል። ኡባሱ እንደሆነ ማንበብ አይችልም።

አባታችንም ልኮብኛል። «ሙሽራይቱን በቅሎ ላይ አውጥቶ ልጓሙን የሚስበው ወንድሟ ነው፤ የወይራው ለቀማ ሳያልቅ ድረስ» ይላል። እመጣለሁ። ሲ ምፈደል ፈቅዶልኛል፤ ለሠርጉም አዲስ ጀላባ ገዝቶልኛል። በመንገድ ላይ ታለቅሻለሽ፤ ሴቶቹም ወግ ነው ብለው በእልልታ ይሸፍኑሻል። እኔ ልጓሙን ይዤ ከፊት ስለምሄድ ፊቴን አታዪውም። ስሜን አትጥሪ፤ ብትጠሪም አልዞርም።

ወንድምሽ ሐዱ
ከፌስ ከተማ