የሰለሞን መኪና ድምፅ

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018፣ መርሳ

የሰለሞን መኪና ጋራዤ ውስጥ ቆማ ዋለች። ሁለት የጭስ ቱቦ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ሳይ ዋልኩ።

ጠዋት ያመጧት አባቱ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ልጃቸው ካረፈ ወዲህ ወልድያ የሚመላለሱት በእሷ ነው። "ልጄ፣ ድምጿን ቀይርልኝ" አሉኝ።

አሁን ያለባትን ቱቦ ከሰለሞን ጋር ነው የመረጥነው። ስፖርት መኪና ካላገሳች ምኑን ስፖርት ሆነች ብሎኝ፣ ካሉት ሁሉ ጯሂውን ወሰድን። ቤቱ ሲደርስ ክላክስ አድርጎ አያውቅም። ገና ከአስፋልቱ ሲታጠፍ እናቱ እትዬ ዘነቡ ሰምተው በሩን ይከፍቱለት ነበር።

"አሁንም ስመጣ ሮጣ ትከፍታለች" አሉ ጋሽ ታደሰ። "እኔን ስታይ ፊቷ የሚሆነውን ማየት አልቻልኩም። ዝም የሚለውን ምረጥልኝ።"

መረጥኩ። አሮጌውን ፈትቼ አዲሱን ልገጥም ስል እትዬ ዘነቡ ጥቁር ነጠላቸውን እንደለበሱ መጡ።

"ጋሼ ያሉህን አውቃለሁ። እንዳትነካብኝ ልጄ። ከፍቼ እሱን እንደማላገኘው ጠፍቶኝ አይደለም። በሩ እስኪከፈት ድረስ ያለችውን ደቂቃ እንኳ ተዉልኝ።"

ወንበር አቀረብኩላቸው፣ አልተቀመጡም። ለጋሼ እንዳልነግር አስምለውኝ ሄዱ።

ነገ ጠዋት ጋሽ ታደሰ ሊወስዷት ይመጣሉ። አንዱን ቱቦ አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። ሌላውን አነሳለሁ።

ቱቦ እኮ ነው!