ከደጅ የመለስኳቸው

የሺዬ፣ የዋሸሁሽን ሳልናገር ሰላም ብልሽ አያምርብኝም። በመጨረሻው ወር አልጋሽ ላይ ሆነሽ «ዛሬም አልመጡም?» ስትይኝ፣ «ሥራ በዝቶባቸው ይሆናል» እልሽ ነበር። መጥተው ነበር። ሦስቱ የጸሎት እህቶችሽ ከጌዴራ ዘይት ይዘው፣ እጃቸውን ሊጭኑብሽ መጥተው ነበር። ከሕንጻው በር የመለስኳቸው እኔ ነኝ።

ከተለየሽኝ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ይህን ሁሉ ጊዜ ለማንም አልተናገርኩም።

ቅዳሜ ነበር። አውቶቡስ ስለሌለ በመኪና መጡ። ጎረቤቶቻችን ከምኩራብ ተመልሰው ደጅ ተቀምጠዋል። መኪና በማይነዳበት በሻባት መኪና አቁመው፣ መጽሐፍ ቅዱስ አቅፈው ወደኛ ቤት ቢወጡ ወሬው ሳይመሽ ከተማችንን ቂርያት ማላኪን ያዳርሳል ብዬ ፈራሁ። ወደ እስራኤል ለመግባት ጎንደር ተራውን ለሚጠብቀው ወንድሜም ፈራሁ። አይሁድ ተብለን የገባን እኛ በክርስቶስ ስም እንደምንጸልይ ከታወቀ መግቢያው ይዘጋበታል አልኩ። ሮጬ ወረድኩና «ተኝታለች፣ ሐኪሙ ሰው አይግባ ብሏል» አልኳቸው። ትልቋ፣ እትዬ ባንቺ፣ «አንቀሰቅሳትም፣ እግሯ ሥር ተንበርክከን እንሄዳለን» ብላ ለመነችኝ። እንቢ አልኩ። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጡም እንደዚያው አደረግኩ።

ስንት ዓመት እንዲህ ኖርኩ። ወጥ ቤት መዝሙር ስትጀምሪ ጎረቤት እንዳይሰማ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደርግ ነበር። አንቺ ደግሞ ማማሰያሽን እንደያዝሽ ብቅ ብለሽ፣ «አንተ፣ ጌታም እንዳይሰማኝ ነው?» ብለሽ ትስቂብኝ ነበር። አሁን ቴሌቪዥኑን አልከፍተውም። የምሸፍነው ድምፅ የለም።

ልጃችን አስቴር ከጦሩ ወጥታ ያቭነ ከተማ ቤት ተከራየች። ስትደውል በዕብራይስጥ ታወራኛለች፣ ግማሹ ሳይገባኝ እሺ፣ ቤሰደር እላታለሁ። እኔ ቤኤር ቱቪያ መጋዘን ካርቶን ማንሳቱን አልተውኩም፣ ወገቤ ግን እየተወኝ ነው። ወንድሜም አልመጣም፣ ዛሬም ጎንደር ይጠብቃል። አንቺን ያስከፋሁለት ነገር ከንቱ ሆኖ ቀረ።

ከመታመምሽ በፊት፣ መዳን ማለት ሥጋ መትረፍ ብቻ አይደለም፣ የተሰበረ ሰው በጌታ ዘንድ ሙሉ ሲሆን ነው ትይኝ ነበር። ሌሎች እንዲህ ሲሆኑ አይቻለሁ። እኔ ግን ተንበርክኬ ሳልጸልይ እነሣለሁ። ይቅር በይኝ እንዳልል አንቺ የለሽም፣ ያንን ዘይት ማንም መልሶ አያመጣልሽም። እጃቸው ቢያርፍብሽ ትድኚ እንደነበር አላውቅም። ብቻሽን አትሆኚም ነበር፣ ይህን አውቃለሁ። በሕይወት እስካለሁ የማስታውስሽ ሳቅሽን ብቻ መርጬ አይሆንም፣ የበደልኩሽንም ጨምሬ ነው።

ያለፈው ቅዳሜ መጽሐፍ ቅዱስሽን ሳልሸፍን ይዤ በጎረቤቶቹ መሐል አለፍኩ። ታክሲ ተሳፍሬ ጌዴራ፣ እትዬ ባንቺ ቤት ሄድኩ። ጸሎት ላይ ነበሩ። ቁጭ በል ቢሉኝም አልተቀመጥኩም። በሁሉም ፊት ስምሽን ጠርቼ፣ ሐኪሙ ምንም እንዳላለ፣ ሁለቱንም ጊዜ የዋሸኋቸው እኔ እንደሆንኩ ተናገርኩ። ማንም አልተቆጣኝም። እትዬ ባንቺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ያን ጊዜ ነቅታ ነበር?» አለችኝ።

አዎ፣ ነቅታ ትጠብቃችሁ ነበር አልኳት።