የወሰድሽብኝ ደንበኛ

ሐሙስ፣ የካቲት 6

በዚያው ለማትቀሪው ባለቤቴ፣

እናቴ ሰላም ብላሻለች፤ የጉልበቷ ሕመም ቀለል ብሎላታል። እኔን ግን ቅናት ሊገድለኝ ነው።

የዱቄት ፋብሪካው ባለቤት የመኪኖቹን ኢንሹራንስ ከእኛ አንስቶ ወደ እናንተ ታካፉል፣ ወደዚያ ከወለድ ነፃ መድናችሁ ወሰደው። ዘጠኝ ዓመት የኔ ደንበኛ የነበረ ሰው! ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው ድረስ ሄድኩ።

«ዋጋ ቀንሰውልህ ነው?» አልኩት።

«ኧረ ዋጋው ያው ነው። እናንተ ጋ የከፈልኩት በዚያው የእናንተ ሆኖ ይቀራል። እዚያ ግን ለመረዳዳት የምናዋጣው ነው፤ አደጋ የደረሰበት ይካስበታል፣ ከተረፈም እንደ ውሉ ለእኛው ይከፋፈላል። ገንዘቤ ወለድ ውስጥ አይገባም፤ ይሄ ለኔ የሃይማኖት ጉዳይ ነው። ሸሪኬ ሙስሊም አይደለም፤ እሱ ደግሞ ገንዘቡ የት እንደሚውል ስለሚነገረው ወደደው።»

እሺ ብዬ ልነሳ ስል፣ «ያስረዳችን ሴትዮማ!» አለና ስምሽን ሲጠራ ፊቱ በራ። ከሾፌሮቹ ጋር ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠሽ የጠየቁሽን ሁሉ መለስሽላቸው አሉ። እዚሁ ከተማ መጥተሽ፣ ቤት ሳትገቢ! ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ርቀት ላይ! «ሚስቴ ናት» ልለው አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። በሾፌሮቹ ቀናሁ። አብሮሽ በመጣው አለቃሽ የቀናሁትማ አይነሳ።

«መኪናዬ የተገለበጠ ጊዜ» አለኝ ቀጥሎ፣ «አንተ መጥተህ ጎማውን ፎቶ አነሳህ። ሾፌሩ ይኑር ይሙት አልጠየቅክም። እሷ መጀመሪያ የጠየቀችው እሱን ነው።»

ሥራዬ ነው ብዬ ተቆጥቼ ወጣሁ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ትናንት ሾፌሩ ቤት ሄድኩ። እግሩ ገና አልዳነም፤ በክራንች ነው በር የከፈተልኝ።

«ኢንሹራንሱ ነው የላከዎት?»

«አይ፣ እንዴት ነህ ልልህ ነው።»

ግራ ገብቶት ወንበር ሳበልኝ። ስለ እግሩ፣ ስለ ልጆቹ አጫወተኝ። አንቺንም አነሳ፤ ባልሽ እንደሆንኩ አያውቅም።

«የሷም ባል የኢንሹራንስ ሰው ነው አሉ። ‹ክፉ ሰው አይደለም፣ ሰው መጠየቅ አያውቅበትም እንጂ› ብላኛለች።»

ለኔ ያላልሽኝን ለሱ አልሽው! እንደዚያ ቀንቼ አላውቅም። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ልትከፍቺ ከሄድሽ ስድስት ወር ሆነሽ፤ በደብዳቤ ሁሉ «መቼ ነው የምትመለሺው?» ስልሽ ነው የከረምኩት፤ ስላንቺ ግን ጠይቄሽ አላውቅም።

ፈጣሪ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ደንበኛ ይብዛልሽ፤ የቀሩኝን ግን ተይልኝ።

ደህና ነሽ? ሲያምሽ ማን አለሽ?

አሁንም ባልሽ