ከእናቱ በላይ በኩል የሚዋኘው ጥጃ

ይድረስ ለወንድሜ ለይርዳው እንግዳው፣ ካለህበት ፖላንድ። ጤናህ እንደምን ነው? ብርዱስ እንዴት አደረገህ? እህል ውሃው ተስማማህ ወይ? እኛ ቅዱስ ሚካኤል ይመስገን ደህና ነን። ውሃው ዘንድሮም ደጃፋችን ደርሶ ተመለሰ፤ ሩዙ አምሮበታል።

እንግዲህ ሆዴ ያለውን ልንገርህ፤ ቀንቼብሃለሁ። ወረታ ጌም ቤት ስትጫወተው የኖርከው የፈረሰኞች ጨዋታ አሥራ ሁለተኛው ክፍል ሊወጣ ነው፣ የሚያንቀሳቅሰውን አዲስ ኢንጂን ከሚሠሩት አንዱ እኔ ነኝ ስትለን እልል ብዬ ነበር። እልልታዬን ያስዋጠኝ ያ የላክኸው ቪዲዮ ነው። ፈረንጆቹ ጎርፉን እንዴት እንዲህ እውነተኛ አስመሰልከው ሲሉህ፣ ልጅ ሆኜ ከብት ስጠብቅ ያየሁት ነው አልክ። የቱን ከብት? አንተ ደብተርህን ይዘህ ወረታ ስትሄድ፣ እስከ ብብቴ ውሃ ውስጥ የቆምኩት እኔ ነኝ! አንተማ ማታ መጥተህ፣ እታለም ዛሬስ እንዴት ተሻገራችሁ ትለኝ ነበር እንጂ። አይ ወንድም! የሰው ወርቅ አያደምቅ።

ከዚያ በኋላ ደወልክና ጥጃ የርብን ወንዝ ሲሻገር በየት በኩል ሆኖ ይዋኛል ብለህ ጠየቅኸኝ። ከእናቱ በላይ በኩል፣ ውሃው ከሚመጣበት ወገን አልኩህ። ዋሸሁህ። አንጀቴ እያረረ፣ እያወቅሁ ነው የዋሸሁህ። እንደነገርኩህ ጨዋታው ውስጥ ስታስገባው ይሳቁብህ ብዬ ነበር፤ ፈረንጅ ምን ያውቃል፣ ጭራሽ አጨበጨቡልህ!

ያሳፈረችኝ እማዬ ናት። ሰሞኑን የላክኸውን የጥጃውን ቪዲዮ ታናሻችን የኋላሸት በስልኩ ሲያሳያት፣ ጥጃውን አይታ ራሷን ያዘች። ልጄን ማነው እንዲህ ያሳሳተው፣ ይህን ጥጃ እኮ ጎርፉ ከእናቱ እግር ሥር ይከተዋል አለች። ሌላው ሲስቅ እኔ በረት ገብቼ ተደበቅሁ።

ስለዚህ ስማኝ። ጥጃ የሚዋኘው ከእናቱ በታች በኩል ነው፤ እሷ ጎርፉን በጎኗ ትሰብርለታለች። ጨዋታው ሳይወጣ አስተካክለው፤ የፎገራ ሰው አይሳቅብህ። ቅናቱ ወጥቶልኛል ብዬ ግን ዳግመኛ አልዋሽህም፤ አሁንም ያንገበግበኛል።

እማዬ ሁለት ጉንጭህን ትስማለች። አባታችን ከነምርቃታቸው ሰላም ብለውሃል። የኋላሸት ጨዋታው ሲወጣ ለእኔ ቀድመህ ላክልኝ ይላል። ጎረቤታችን ደብሬም እጅ ነስታለች።

እኔ ውሸቴን አውጥቻለሁ። ከብቱን ማን ይጠብቅ እንደነበር ደግሞ አንተ ለፈረንጆቹ ንገራቸው።

እህትህ ሰገን እንግዳው
ቁሐር ሚካኤል፣ ፎገራ
መስከረም 23 ቀን 2018 ዓ.ም.