ሐኪሙ የተናገረውን ያሳጠርሁ ዕለት

ይድረስ ለባለቤቴ ታላቅ እህት፣

ጤናዎን ሳልጠይቅ ይህን ላስቀድም፤ ሰላምታውን ካስረዘምሁ ድፍረቴ ያልቅብኛል። የእህትዎ ዓይን የፈዘዘው በእኔ ጥፋት ነው። ፀሐይ ላይ ዞራ፣ ጠብታውን ረስታ አይደለም። እርስዎ እንዲያ ብለው ሲቆጧት አጠገቧ ተቀምጬ አዎ እያልሁ ራሴን ነቀነቅሁ። ይኸው ዐሥራ ሦስት ዓመት ደበቅሁት።

እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎን ተሻለዎት? እኛ እዚህ ኪርያት ኖርዳው፣ የእስራኤል አምላክ ይክበር፣ ደኅና ነን። እኔ ግን ፈርቻለሁ።

ያኔ ዓይኗ ላይ የበቀለው ሥጋ ወደ ብሌኗ ሲገፋባት፣ ዕብራይስጥ ከእሷ እሻላለሁ ብዬ አስተርጓሚ ሆኜ ገባሁ። ሐኪሙ መንገዱ ሁለት ነው አለ። አንዱ ሥጋውን ልጦ ቦታውን ባዶ መተው ነው፤ ቶሎ ያልቃል፣ ብዙ ጊዜ ግን ተመልሶ ይበቅላል። ሌላው ከዚያው ዓይን፣ ከላይኛው ቆብ ሥር ስስ ሽፋን ቆርጦ ባዶውን መጣፍ ነው፤ ይረዝማል፣ የሚመለሰው ግን ጥቂት ነው። ደኅናውን መቁረጥ የሚለውን ስሰማ ፈራሁ። ለእሷ መንገዱ አንድ ብቻ ነው፣ መላጥ ነው አልኋት። ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሰውዬው ያን ሁሉ ሲተርክ ቆይቶ አንተ በሁለት ቃል ጨረስኸው፣ ዳኛ ብትሆን ሙግት ሁሉ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር ብላ ሳቀችብኝ። በአምስት ወሩ ሥጋው ከፊተኛው ወፍሮ መጣ። እርስዎ ሲቆጧት ዞራ እንኳ አላየችኝም። እስክትሞት አንድ ቀን አልጠየቀችኝም።

አሁን ያው ሥጋ በእኔ ዓይን መጣ። እንደ ሰፈርሁ እንዳይሰፈርልኝ እያልሁ በጸሎት ከረምሁ። ሰኞ ዕለት ልጄ ሙኒት ኩፓት ሆሊም፣ የጤና መድኅኑ ክሊኒክ፣ የዓይን ሐኪሟ ዘንድ ወሰደችኝ። ሙኒት ስታስተረጉም እንደ እኔ አይደለችም፤ ክፉውንም በጎውንም ሳታስቀር ነገረችኝ። ዛሬ ባዶውን መተው እየቀረ ነው አለችኝ። መጣፊያውን በክር ቢሰፉት ለሳምንታት ይቆረቁራል፤ በማጣበቂያ ከሆነ ሕመሙ ያንሳል፣ ዓይኔን ካሸሁት ግን ሊላቀቅ ይችላል። አባ፣ እጅህን ዓርፈህ ታስቀምጣለህ፣ አለዚያ እንደ ሕፃን ጓንት አለብስሃለሁ አለችኝ። ሐኪሟ ሳቀች።

በማጣበቂያው ይሁን ብዬ ልፈርም ስል፣ ሐኪሟ ከቤተሰብ ይህ ያገኘው አለን ብላ ጠየቀች። ሙኒትም ፈጥና በዕብራይስጥ፣ እናቴ ነበረች፣ አልተጠነቀቀችም፣ ተመለሰባት አለች።

ሰማሁ። እስክሪብቶውን አኖርሁና በዚያ በሚሰባበር ዕብራይስጤ፣ ሳላሳጥር፣ ሐኪሙ ያኔ ያለውን ሁሉ፣ እኔም ለእናቷ ያልነገርኋትን ሁሉ በልጄ ፊት ተናገርሁ።

አምላክ ለእርስዎ ዕድሜ ከጤና፣ ለእሷ ዕረፍት፣ ለእኔም የሚገባኝን ይስጥ።

የታናሽ እህትዎ ባል