ከውስጥ የሚታጠቁት መቀነት

ይድረስ ባሕር ማዶ፣ ባህሬን ላለሽው እህቴ ለሰብሊ፤

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የሚያንገበግበው ሙቀት ጀመረ ወይስ ገና ነው? እንቅልፍሽስ፣ ምግብሽስ? ጾሙን በሰው ቤት እንዴት አድርገሽ ያዝሽው? ፋሲካንስ ከማን ጋር ዋልሽ? እኛ ሁላችን፣ እማዬም ጭምር፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። «እማዬም ጭምር» ያልኩት ለወጉ አይደለም፤ ይህን ደብዳቤ ያስጀመረኝም እሱ ነው።

ያ የወገብ ሕመም ስንት ዓመት እንዳሰቃያት ታውቂያለሽ። በስልክ ስትጠይቂያት «ደህና ነኝ» ትልሻለች እንጂ ስልኩን ዘግታ ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛውን ይዛ ነበር የምታቃስተው። ሲብስባት ደግሞ በትግርኛ ነው። ከሁሉ የጎዳት ግን የስቅለት ስግደት መቅረቱ ነው። በየስማችን እየጠራች ስትሰግድልን የኖረች ሴት፣ ኡራኤል ግቢ ከግድግዳው ሥር ከሕመምተኞች ጋር ተቀምጣ ትውል ነበር። ቄሱ እግዚአብሔር ልብን ያያል ቢሏትም አልተጽናናችም። ዘንድሮ በገና ሰሞን «እኔ ሳልሰግድላቸው ልጆቼን ለማን ሰጠሁ?» ስትል ሰማኋት።

ስለዚህ ጥምቀት እንዳለፈ ወደ ስታዲየም መሄጃ ካለ አንድ ክሊኒክ ወሰድኳት። ሐኪሙ አጥንቷ ደህና እንደሆነ፣ የደከመው ጡንቻዋ እንደሆነ ነግሮን ዙለይካ ወደምትባል ፊዚዮቴራፒስት ላካት። ዙለይካ ድምጿ ዝግ ያለ፣ በያዘችው ነገር ግን ፍንክች የማትል ሴት ናት። ከአከርካሪ ግራና ቀኝ ተጣብቀው የሚደግፉት፣ ከውስጥ የተደበቁ ትናንሽ ጡንቻዎች አሉ አለችን። ሕመም ሲመጣ ሥራቸውን ይተዋሉ፤ ሕመሙ ቀለል ቢልም በራሳቸው አይነሱም፣ የሚቀሰቅሳቸው ይፈልጋሉ። ከዚያ እማዬን አስተኝታ እንዴት እንደሚቀሰቀሱ አሳየቻትና ቤቷ ስትሄድም ወገቧን ጠበቅ እያደረገች እንድትለማመድ አዘዘቻት። እማዬም «እሺ» አለች።

ጉዱ የመጣው እዚህ ላይ ነው። ቤት እንደገባን መቀነቷን አውጥታ አንቺ ከላክሽላት የላስቲክ ቀበቶ ላይ ደርባ ታጠቀችው። ወገብሽን ጠበቅ አድርጊ የተባለች እናት ሌላ ምን ታድርግ? በየቀኑ እያጠበቀችው ምሳዋን መዋጥ እስኪያቅታት ደረሰች። እኔም ሞኙ የሐኪም ትእዛዝ መስሎኝ ከኋላ እየጎተትኩ አስርላት ነበር። በቀጠሮዋ ቀን ዙለይካ ልትፈታው ብትጀምር ጨርቁ ማለቂያ አጣ። እስኪያነባት ሳቀች። ኋላ እጇን ከእማዬ እምብርት በታች አሳርፋ «እማማ፣ የእኔ መቀነት ከውስጥ ነው የሚታጠቁት» አለቻት። እማዬ ያን ጊዜ ገባት። ቀበቶሽም ቀስ በቀስ ተፈትቶ ሳጥን ገብቷልና እታለም አትቀየሚ።

ሁለተኛው ችግር ትንፋሽ ነበር፤ ባጠበቀች ቁጥር ትንፋሿን ትይዛለች። ዙለይካ ዘዴ አላጣችም። የሚናገር ሰው ትንፋሹን መያዝ አይችልምና ወገብዎን ከውስጥ እንዳጠበቁ ጸሎትዎን ድምፅ አውጥተው ይድገሙ አለቻት። መጀመሪያ አባታችን ሆይን ጀምራ ብዙም ሳትሄድ ይለቃት ነበር። ጾሙ ሲገባ የዕለት እንጀራችን ላይ ደረሰች። ሆሳዕና ሲቃረብ አሜን አለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል እሰማ ነበር፣ አሁን በዓይኔ አየሁት። በመሃል ከጠራኋት «መስመሩ ተይዟል» ትለኛለች፤ ጡረታ ብትወጣም የስልክ ኦፕሬተርነቷ አልለቀቃትም።

በእጅና በጉልበቷ ሆና አንድ እጇንና የሌላውን ጎን እግሯን እንድትዘረጋ ስትታዘዝ ግን «በእርጅናዬ ልዳህ?» ብላ ተቆጣች። ተቆጥታም ዳኸች። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን ጀማነሽ በሩን ከፍታ ስትገባ እንደዚያ ሆና ስትጸልይ አየቻት፤ «እግዚኦ!» ብላ ሮጣ ጠበል አምጥታ ትረጫት ጀመር። እማዬ ውሃው በአንገቷ እየወረደ፣ አሜን ሳትል እግሯን አላወረደችም። እኔ እንኳ ልሞክረው ብዬ ጀምሬ ሳምንት ሳልደፍን ተውኩት። እናታችን እንዴት ያለች ሴት ናት፣ እታለም! ኮራሁባት።

ሕመሙ ጨርሶ ለቀቃት አልልሽም፤ ክፉ ቀን ዛሬም አለ። ግን ከወንበር ስትነሳ ጠረጴዛ አትይዝም። ዙለይካም የስግደቱን ነገር ስትሰማ አልከለከለቻትም። በሶላቷ ታውቀዋለችና ራሷ ወለሉ ላይ ወርዳ፣ ከወገብ ሳይሆን ከጉልበት እንዴት እንደሚወረድና እንደሚነሳ አሳየቻት። ጥቂት ብቻ እንድትሰግድም ቃል አስገባቻት።

የስቅለት ዕለት፣ ዓርብ፣ ኡራኤል ግቢ ከጎኗ ቆምኩ። ቀስ ብላ በጉልበቷ ወረደች፣ እጆቿን አሳረፈች፣ ግንባሯ መሬት ነካ። ልደግፋት እጄን ብዘረጋ በክርኗ ገፋችኝ። ብቻዋን ተነሳች። አልዋሽሽም፣ አለቀስኩ። በወረደች ቁጥር የክርስትና ስምሽን ስትጠራ እየሰማሁ ተራዬን ስጠብቅ፣ የተፈቀደላትን ጨርሳ ሄዳ ተቀመጠች። የእኔስ ብላት «አንተንማ በዓይኔ አይሃለሁ» አለችኝ።

ባለቤቴ ሰምሃል ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች። ጀማነሽ «የዳነችው በእኔ ጠበል ነው» እያለች በብዙ ናፍቆት ሰላም ብላሻለች። ዙለይካ ባታውቅሽም ቀበቶሽን ስላስፈታች ይቅርታ ትልሻለች። የእማዬን ሰላምታ ልጽፍ ስል ግን ከለከለችኝ። «የእኔን አትጻፍ፤ እኔ ዓርብ ልኬላታለሁ» ብላለች።

ወንድምሽ ሚልዮን
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ሚያዝያ 18 ቀን 1998 ዓ.ም.